ጎርፍ ያልወሰደው ካርቶን

«እማማ፣ ካርዶቼን ላሳይሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ዕድሜውን በነርስነት ለጨረሰ ሰው ካርድ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሽተኛ ሲመጣ ከካርድ ክፍል የሚወጣው ወረቀት። ስለዚህ ደንገጥ ብዬ «ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አልኳት። እናቷ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቱ ግን ያሳቀን ነገር አልገባትም።

ልጄ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤቱና የአሥር ዓመት ልጃቸው ዘመድ ጥየቃ መጡ፤ እሱን ሥራ ያዘው። ይፋግ ድረስ መምጣት ስላልሆነላቸው እኔው ባሕር ዳር እህቴ ቤት ሄጄ ጠበቅኋቸው።

ልጅቱ ከሻንጣዋ ወፍራም ክላሰር አወጣች። እያንዳንዱ ገጽ ዘጠኝ ዘጠኝ የላስቲክ ኪስ አለው፤ በየኪሱ የመታወቂያ ወረቀት የሚያህል ጠንካራ ካርድ ገብቷል። በሁሉም ላይ ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ ጥቁርና ቢጫ ማሊያ ለብሳ፣ ቁጥር 22፣ ኳስ ስትወረውር፣ ስትሮጥ፣ እጇን ዘርግታ ስትጮኽ። «ይቺ ማናት?» አልኳት። «ኬትሊን ክላርክ!» አለችኝ፣ እንዴት አታውቂያትም በሚል ዓይን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእሷ ትምህርት ነበር፤ እኔ ተማሪ። ክላርክ የእነሱ ጎረቤት በሆነችው በአዮዋ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫውታለች። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ በአሜሪካ ትልቁ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ከወንድም ከሴትም ብዙ ነጥብ ያስቆጠረች ተጫዋች ሆነች። የሰበረችው ክብረ ወሰን ፒት ማራቪች የተባለ ወንድ ተጫዋች ከ50 ዓመት በላይ የያዘው ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ 3,951 ነጥብ ላይ ደርሳለች። አሁን የምትጫወተው በደመወዝ ነው፤ የልጅ ልጄ ግን የምትሰበስበው የተማሪነት ጊዜዋን ካርዶች ብቻ ነው። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን ስለተፈቀደ ገና ተማሪ ሳሉ ካርድ ይታተምላቸዋል።

«ለምን እሷን?» አልኳት።

«ሌሎች ከማይደፍሩት ሩቅ ቦታ ትወረውራለች። ደግሞም ይገባል።»

ካርዱ የሚሸጠው በታሸገ ፓኬት ነው። ስትገዛው ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም። የተደጋገመብህን ከጓደኛ ጋር ትለዋወጣለህ። አንድ ተጫዋች መጀመሪያ የሚታተምለት ካርድ «ሩኪ» ይባላል፤ ከሁሉም የሚወደደው እሱ ነው። ጠርዙ ያልታጠፈ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ከሆነ ባለሙያ መርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ነገሩ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገባ ጠንካራ ወረቀት ነበር፤ በኋላ ከማስቲካ ጋር መጣ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሚኪ ማንትል የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች አንድ አሮጌ ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን ስሰማ «ለወረቀት?» ብዬ አማተብኩ።

ልጅቱ ክላሰሩን ከዘጋች በኋላ እንዲህ አለች፦ «አባባም እኮ በልጅነቱ ነበረው። የደራርቱ። ጎርፍ ወሰደበት።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

አዎ፣ ነበረው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም 20 ደራርቱ ቱሉ በሲድኒ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ልጄ 12 ዓመቱ ነበር። በዚያ ኦሎምፒክ ኃይሌ፣ ገዛኸኝና ሚሊዮንም ወርቅ አምጥተው አገሩ ሁሉ ሰክሮ ነበር። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ደራርቱ ብቻ ነው። ሱቅ ስኳር ሲላክ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ፈትቶ ያያል። ምስሏን ካገኘ ቆርጦ ፍራሽ ሥር አስተኝቶ ያቃናዋል፣ በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ይለጥፈዋል። የደብተር ሽፋን ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። ወረታ ገበያ ደግሞ የዘፋኙን፣ የህንድ ተዋናዩን፣ የኳስ ተጫዋቹን ፖስት ካርድ በሲባጎ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ አዟሪ ነበር፤ ከእሱም ይገዛል። ሁሉንም የሚያስቀምጠው በብስኩት ካርቶን ውስጥ፣ አልጋው ሥር ነበር።

ያ ወቅት ለእኛ ለጤና ሠራተኞች ከባድ ነበር። የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ኩሬው ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆኜ፣ ትኩሳት ያንዘፈዘፈውን ሕፃን ሁሉ ስቀበል አድሬ ስገባ ሁለት ነገር ጠበቀኝ። አንደኛው፣ ልጄ በፈተና ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ መውጣቱ። ሁለተኛው፣ ከቦርሳዬ አሥር ብር መጉደሉ። ስጠይቀው አልካደም፤ «የደራርቱን ከነሜዳሊያዋ አገኘሁ» አለኝ። ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ምጣድ ሥር ከተትኩት። እንጀራ እየጋገርኩ አነደድኩት። ልጁ በር ላይ ቆሞ አየ። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚወደውን ነገር አሳይቶኝ አያውቅም።

እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ያ ጎርፍ ታዲያ የቱ ነው? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ያጥለቀለቁበት ጊዜ እንደሆነ ገባኝ። ብዙ ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ እህሉን አጥቷል። የእኛ ቤት ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውኃው ደጃችን አልደረሰም። ካርቶኑም አመድ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ልጄ ለልጁ የነገራት የእናቱን ገመና ለመሸፈን ነው። አያቷን እንዳትጠላ ብሎ ጥፋቴን ለጎርፍ ሰጠው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። በእኛ አገር ወላጅ ልጁን ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይመርቃል፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አላየሁም። ደግሞስ እኔ አይደለሁም ወይ ስንቷን እናት «የልጅሽን ካርድ እንዳትጥዪ» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት? በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወባ ሲባል የቆየው ትኩሳት ካላዛር ሆኖ ሲገኝ፣ ልጇ ከዚህ በፊት የታከመበትን ወረቀት ይዛ የመጣች እናት ለእኛ ምን ያህል ጠቃሚ እንደነበረች አውቃለሁ። ወረቀት የሰው ታሪክ ነው እያልኩ አስተምር ነበር። የልጄን ግን በገዛ እጄ አነደድኩ።

ጠዋት ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ክላሰሯን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። ይህ ከማንኛውም ወቀሳ ይብስ ነበር። ከዚያ አባቷ ጋ ደወልን።

«ልጄ፣ ካርቶኑን ጎርፍ አልወሰደውም። ነግሬያታለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «እማዬ፣ ተይው፤ ድሮ ነው» አለኝ።

«አልተወውም። አሥሩን ብር መውሰድህ ጥፋት ነበር፤ ለሱ መቅጣት ነበረብኝ። ያን ማቃጠሌ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ።»

«43 ነበሩ» አለኝ ቀስ ብሎ። ከ20 ዓመት በላይ ቁጥሩን አልረሳውም!

በዚያን ዕድሜው ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ያን ጊዜ ጠየቅሁት፤ «ለምን ደራርቱን?»

«ሁልጊዜ ከኋላ ሆና ትቆይና በመጨረሻው ዙር ነው የምትወጣው። በባርሴሎናም በሲድኒም እንደዚያ ነው ያሸነፈችው። እኔ ደግሞ በትምህርት ከኋላ ነበርኩ።»

መልስ አልነበረኝም። ከክፍሉ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ የሚጽናናበትን ነገር ነበር ለካ፣ ወደ ኋላ ስለቀረ የነጠቅሁት።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ የሰበሰበው ሁሉ ይወደስ እያልኩ አይደለም። የታሸገውን ፓኬት መግዛት ከሎተሪ ብዙም አይለይም፤ «ቀጣዩ ውስጥ ይኖር ይሆናል» እያለ ኪስ ያራቁታል። ልጄ ይህን ስለሚያውቅ ለልጁ በወር አንድ ፓኬት ብቻ ይገዛላታል፤ የቀረውን በልውውጥ ታገኛለች። ገንዘብ ከተወሰደም ስለ ገንዘቡ መነጋገርና መቅጣት ይቻላል። ነገር ግን ካርቶኑን ከመንካታችን በፊት ቁጭ ብለን «ለምን እሷን?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ብጠይቅ ኖሮ በዚያው ቀን ልጄ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሰማው አውቅ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከቤት ስወጣ ሰነዶቼን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይዤ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ከጡረታ ወረቀቴ ጋር የነበረውን የልጄን የክትባት ካርድ አውጥቼ ለልጅቱ ሰጠኋት። በ1981 ዓ.ም. በራሴ እጅ የተጻፈ ነው፤ የቲቢው፣ የፖሊዮው፣ የኩፍኙ ቀን ሁሉ አለበት። ጠርዙ ታጥፏል፣ ቀለሙም ለቋል። አገላብጣ አየችውና ከክላሰሯ መጀመሪያ ገጽ አንዱን ክላርክ አንሥታ በቦታው ልታስገባው ሞከረች። ስለማይበቃው ከፊት ለፊት ባለው ትልቁ ኪስ ከተተችው።

«የአባባ ሩኪ ነው» አለችኝ።

ከኪሱ ያነሣቻትን ክላርክ ለእኔ ተወችልኝ። አሁን ይፋግ፣ ከጡረታ ወረቀቴ ጋር ናት።