«አጌንስት» የጎደለው ዓረፍተ ነገር

በአማርኛ «አዳላ» ስንል የምንጠራው የተጠቀመውን ሰው ነው፤ «አባት ለወንዱ ያዳላል» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ዲስክሪሚኔት» ግን የሚጠራው የተበደለውን ነው፤ ከተበደለው ፊት ደግሞ «አጌንስት» መግባት አለበት። የልጅ ልጄ ለቤት ሥራዋ «ማይ ፋዘር ዲስክሪሚኔትስ ሚ» ብላ ጽፋ ስላየሁ፣ «አጌንስት ሚ» ብለሽ አስተካክዪው አልኳት። ቃሉ በሌላ ቦታ «ለየ» ማለትም ይሆናል። እኛ ነርሶች ቆዳ አንድ ላይ የነኩትን ሁለት ጫፎች መለየት አለመለየቱ የሚታይበትን ምርመራ «ቱ ፖይንት ዲስክሪሚኔሽን» እንለዋለን። እሱ በደል የለበትም።

ዓረፍተ ነገሩን ከየት አመጣሽው ስላት፣ «ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ሰሃን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አለችኝ።

ማታ ደብተሩን ለአባቷ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበና፣ «እንግሊዝኛው ልክ ነው?» አለኝ።

«አሁን ልክ ነው» አልኩት።