በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ጋ

መቼም «መስኮት ጋ ስጡኝ» ብሎ የማያውቅ መንገደኛ የለም። አውሮፕላን ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከክንፉ ራቅ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በአውቶቡስ ስትሄዱ ግን ቀኑን ሙሉ የምትቀመጡበት ስለሆነ ጎን መምረጥ ዕውቀት ይጠይቃል። የእኔ ምርጫ ቀኙ ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጠዋት ፀሐይ የምትመጣው በቀኝ ነው። ያን ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ናችሁ፤ በዚያ ብርድ ፀሐይ ማን ይጠላል? ከሰዓት በኋላ ቆላ ስትገቡ ደግሞ ፀሐይዋ ዞራ፣ የግራዎቹ መጋረጃ ሲጎትቱ እናንተ ጥላ ውስጥ ናችሁ። ጣርማ በር ላይ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ሾልካችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ገደሉ ለሁሉም ይደርሳል። ሐይቅ ከተማ ላይ ግን ውሃው ያለው በቀኝ ነው። (ውጫሌ ስትደርሱ አንገታችሁን አታድክሙ፤ የ1881ዱ ውል በመስኮት አይታይም።) ወልድያን አልፋችሁ የራያ ሜዳ ሲከፈት በግራ ደጋው እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በቀኝ ከማሽላው ወዲያ የዞብል ተራሮች ይታያሉ።

መስኮት ጋ መቀመጥ ጣጣም አለው። ገና ስትከፍቱት ከኋላ «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» ይባላል። ቆቦ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት አገር ነው። ደጋ ላይ ሲሰድቧችሁ የነበሩት ሰዎች እዚያ ሲደርሱ «እባክህ ክፈተው» ብለው ይለምኗችኋል።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ቆቦ ያለ ጓደኛዬ ዘንድ ስሄድ እንደ ልማዴ ቀኙን ያዝኩ። (ያን መንገድ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎበታል፤ የማወራችሁ ከዚያ በፊት ነው።) አጠገቤ አርባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ተቀመጡ። ገና ሸኖ ሳንደርስ «የኔ ጌታ፣ ቦታ ብንለዋወጥ?» አሉኝ። ያመማቸው መስሎኝ ፌስታል አቀበልኳቸው። «አላመመኝም» አሉ። እንዲያማ ከሆነ፣ ቲኬቱን ለመቁረጥ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ደሴ ላይ ምሳ ስንበላ እሳቸው ከአውቶቡሱ አልወረዱም። ከፊታችን የተቀመጠው ወንድማቸው ውሃ ገዝቶ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን አያይም ነበር።

ወልድያ ላይ ወንድምየው ሲወርድ ሴትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እናቴን ትንሽ አሟታል ብለው ነው የሚወስዱኝ። ስልክ ሰጥተው አያገናኙኝም። ቤታችን ጎብዬ መግቢያ ላይ፣ በዚህ በኩል ከመንገዱ ይታያል። ድንኳን ካለ አውቀዋለሁ።»

ምን አለፋችሁ፣ ከወንበሬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ቁጭ ብዬበት የመጣሁት መስኮት እሾህ ሆነብኝ። ወንድምየው ተመልሶ ቦታ መለዋወጣችንን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ምንም አላለም። ምን ይበል? አገሩ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ አይረዳም።

ዶሮ ግብርን አለፍን። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ፣ ራሱን ደፍቶ ግራና ቀኝ ቆሟል። ሴትየዋ መስኮቱ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ነበር። ጎብዬ ስንቃረብ በድንገት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና እጄን ጨመቁኝ።

«እኔ አልችልም። አንተ እይልኝ። የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ደጁ ላይ ትልቅ ግራር አለ።»

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። ግራሩ ታየኝ። ከግራሩ ሥር፣ ከማሽላው ራስ በላይ፣ የድንኳን ጫፍ ታየኝ። ወንድምየው ከፊት ዞሮ እኔን እኔን ያያል።

«አየህ?» አሉኝ።

«ማሽላው ጋረደኝ እትዬ» አልኳቸው።