ተኩሱ ሊቆም አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው

ጆርጅ ኤድዊን ኤሊሰን በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ የሚኖር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 በዮርክ ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ አገለገለና ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1912 ሐናን ሲያገባ ኑሮውን የሚገፋው ጉድጓድ ወርዶ ከሰል በመቆፈር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጄምስ የተባለ ልጅ ወለዱ።

የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጦር አሠራር እንዲህ ነበር፤ ከሠራዊቱ የወጣ ወታደር ለተወሰኑ ዓመታት በተጠባባቂነት ይመዘገባል፣ ትንሽ ገንዘብ ይከፈለዋል፣ መንግሥት በፈለገው ቀን ደግሞ ይጠራዋል። ያቺ ትንሽ ገንዘብ ለጌቶቹ ልጆች ምንም አይደለችም፤ ለከሰል ቆፋሪ ቤት ግን ዳቦና የቤት ኪራይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነት ሲመጣ ኤሊሰን ተጠራ። ሚስቱንና ገና ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ትቶ፣ አምስተኛው ሮያል አይሪሽ ላንሰርስ ከሚባለው የፈረሰኛ ጦር ጋር ወደ ግንባር ሄደ።

የመጀመሪያው ውጊያ ቤልጂየም ውስጥ፣ ሞንስ በምትባል ከተማ ነበር። ነሐሴ ወር ላይ ነው። እንግሊዞች እዚያ ከጀርመን ጋር ገጠሙ፣ ብዛቱን አልቻሉትም፣ አፈገፈጉ። ሽሽቱ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል፤ ምሽግ፣ ጭቃ፣ መርዝ ጋዝ፣ አይጥ፣ መትረየስ። ኤሊሰን ኢፕር ነበር፣ ሎስ ነበር፣ ካምብሬ ነበር። በእነዚህ ስሞች ሥር ስንት መቶ ሺህ ሰው እንደተቀበረ ለሚያውቅ፣ አንድ ሰው ይህን ሁሉ አልፎ በሕይወት መቆየቱ ራሱ ተአምር ነው። አራት ዓመት ከሦስት ወር እንደዚያ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1918 ዙሪያውን ዞሮ የተነሳበት ቦታ ተመለሰ፤ ሞንስ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሰዓቱን ልብ ብሎ ይከተል። ጀርመኖች ለድርድር የመጡት በፈረንጆች ኅዳር 8 ነው። እየተነጋገርን ተኩስ ይቁም ብለው ጠየቁ። የተባባሪዎቹ ጦር የበላይ አዛዥ ማርሻል ፎሽ አይሆንም አሉ። ኅዳር 11፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀን 1911፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ ኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ፊርማው ተፈረመ። ተኩሱ የሚቆመው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሆነ። ፈረንጆቹ አስራ አንደኛው ወር፣ አስራ አንደኛው ቀን፣ አስራ አንደኛው ሰዓት ይሉታል። ለሐውልት የሚያምር ቁጥር ነው። በመካከሉ ግን ስድስት ሰዓት አለ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ኤሊሰን ከሞንስ ዳር፣ የጀርመን ወታደሮች አሉበት በተባለ ጫካ አጠገብ ለቅኝት ወጥቶ ሳለ ተመታ። ሞተ። ዕድሜው 40 ነበር። በዚያ ጦርነት በውጊያ የተገደለ የመጨረሻው እንግሊዛዊ ወታደር ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው።

ከሞንስ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ደግሞ ጆርጅ ፕራይስ የሚባል የ25 ዓመት ካናዳዊ፣ ከመዝመቱ በፊት በሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ 4 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ላይ በአልሞ ተኳሽ ጥይት ወደቀ። ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው። በፈረንሳይ በኩል ኦጉስቲን ትሬቡሾን የተባለ የገጠር እረኛ፣ መልእክት ይዞ ሲሮጥ ተገደለ። የያዘው መልእክት ተኩሱ ከቆመ በኋላ ሾርባ የት እንደሚታደል የሚናገር ነበር። መቃብሩ ላይ የተጻፈው ቀን ኅዳር 10 ነው። ሰላም በተፈረመበት ቀን ሰው ሞተ ተብሎ እንዳይጻፍ ቀኑን ወደ ኋላ ጎተቱት።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ አንድ ቀን ከሁሉም ወገን ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ፣ እንደቆሰለና እንደጠፋ፣ ከዚህም ውስጥ የሞተው 2,700 ገደማ እንደሆነ ይገምታሉ። በዚያው ወር አዲስ አበባም ሬሳዋን ታወጣ ነበር። በጦር ሠራዊቶች እግር አገር ላገር የዞረው ያ ጉንፋን እኛም ዘንድ ደርሶ «የኅዳር በሽታ» ተብሏል፤ ዛሬም ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው እሱ ነው።

ስድስቱ ሰዓት ለምን አስፈለገ? ትእዛዙ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ለሚቆጠር ግንባር እስኪዳረስ ጊዜ ይፈጃል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ተኩስ ለማቆም ጊዜ ማስፈለጉ ለማጥቃት ምክንያት አይሆንም። ሰላሙ እንደተፈረመ እያወቁ ወታደሮቻቸውን ወደፊት የነዱ አዛዦች ነበሩ። አንድ አሜሪካዊ ጄኔራል ስቴኔ የምትባል ከተማ የያዘው መታጠቢያ ቤት ስላላት፣ የደከሙ ወታደሮቹ ገላቸውን እንዲታጠቡ በማሰብ እንደሆነ ተናግሯል። ለዚያች መታጠቢያ 61 ሰው ሞተ። ነገ በእግር ተራምደው ሊገቡባት ይችሉ ነበር።

ሞንስም ቢሆን በዚያች ሌሊት የተያዘችው ለጦር ስልት እጅግ አስፈልጋ አይመስልም። እንግሊዞች በ1914 የተዋረዱባት ከተማ ስለሆነች ነው። የካናዳው ጦር አዛዥ ጄኔራል ከሪ በዚህ ጉዳይ ዓመታት ቆይቶ አንድ የትንሽ ከተማ ጋዜጣ በከንቱ ሰው አስጨረሰ ብሎ ጻፈበት። ከሪ በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ረታ። 50 ሺህ ዶላር ጠይቆ የተፈረደለት ግን 500 ዶላር ነው። ዳኞቹ ምን አስበው እንደሆነ ከቁጥሩ መገመት ይቻላል።

ኤሊሰን የተቀበረው ከሞንስ ወጣ ብሎ ባለው ሳን ሲምፎሪየን መካነ መቃብር ነው። ጀርመንና እንግሊዝ አብረው የተኙበት ቦታ ነው፤ ያቋቋሙትም ጀርመኖች ናቸው። ፊት ለፊቱ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጆን ፓር አለ። ፓር የለንደን ልጅ ነው፤ ጎልፍ ለሚጫወቱ ሀብታሞች ዱላ ይሸከም ነበር። ዕድሜውን ጨምሮ ተናግሮ ውትድርና ገባ። ነሐሴ 1914 በብስክሌት ለቅኝት ተልኮ እዚያው ሞንስ አጠገብ ሲገደል 17 ዓመቱ ነበር። በዚያ ጦርነት በጠላት ጥይት የሞተ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ወታደር እንደሆነ ይታመናል። እናቱ ልጄ የት ደረሰ ብለው ቢጽፉ ቁርጡን የሚነግራቸው አላገኙም። መቃብሩ ላይ ዛሬም 20 ዓመት ተብሎ ተጽፏል።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሟች ፊት ለፊት ያስቀመጠ ሰው የለም። ሲቀብሯቸው ማን መጀመሪያ፣ ማን መጨረሻ እንደሆነ አያውቁም ነበር። እንዲሁ ገጠመ።

በዚያች ቀን የእንግሊዝ ከተሞች ደወል ደወሉ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ሊድስ ውስጥ ሐና ቤት ጄምስ አምስት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። የመኮንን ሞት ለቤተሰቡ በቴሌግራም ይነገር ነበር። የተራ ወታደር ሞት ግን በፖስታ ነው የሚላከው። ቀናት ይፈጃል። ደብዳቤው ቀድሞ የታተመ ቅጽ ነው፤ የሐዘኑ ቃል በማተሚያ ቤት ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። በእጅ የሚሞላው የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረጉ፣ ስሙ፣ የሞተበት ቦታና ቀኑ፣ ይህን የመሰለው ነው።