የአምስት ደቂቃ ዕድሜ

ጄሰን ሮረር የተባለ አሜሪካዊ በ2007 እ.ኤ.አ. የደረሰው «ፓሴጅ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ኪነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 እ.ኤ.አ. ከስብስቦቹ ጨምሮታል። እኔም ባለቤቴ ባረፈች በዓመቱ፣ እዚሁ ደጀን፣ በልጄ ኮምፒዩተር ተጫወትኩት።

ምስሉ እንደ መቀነት ጠባብና ረጅም ነው። ወጣቱ ሰው ከግራው ጫፍ ይነሣል፤ መጪው ዘመን በስተቀኝ ተጨምቆና ደብዝዞ ይታየዋል። ሲያረጅ ግን ድብዝዙ ወደ ኋላው ይዛወራል። ይኸን ያህል ነገር ያለ አንዳች ቃል መናገሩ፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ ልቦለድ ያስበልጠዋል።

ከመነሻው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። ከቀረቧት አብራ ትጓዛለች፤ ይሁንና ለሁለት የማይበቃው ጠባብ መተላለፊያ ሁሉ ይዘጋል፣ ከወዲያ ያለው የሀብት ሣጥንም ይቀራል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያገኘዋል። እጄ ግን እሷን አልፎ መሄዱን እምቢ አለ።

የዓባይን በረሃ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ከባለቤቴ ጋር ስንት ጊዜ ወርደን ወጥተናል! ዳገቱ ላይ እኔን ለመጠበቅ የምትቆመው እሷ ነበረች።

በጨዋታው ሴቲቱ ቀድማ ትሞታለች። በስፍራዋ የመቃብር ድንጋይ ቆመ፤ ሰውዬው ጎበጠ፣ እርምጃውም ዘገየ። ቁልፉን አጥብቄ ብጫነውም አልፈጠነልኝም።

«አባዬ፣ ስንት ነጥብ አገኘህ?» አለኝ ልጄ።

ነጥቡን አላየሁትም ነበር።