የጠፋው ፎንት

ሰሞኑን፣ በ1994 ዓ.ም. በአማርኛ ያዘጋጀሁትን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተሬ ብከፍተው ገጹ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ዝብርቅ ተሞልቶ አገኘሁት። ፋይሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ያኔ የጻፍኩበት ፎንት ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ ሶፍትዌሮች ለ«ሀ» የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የጋራ ቁጥር ቢያገኝም፣ እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን ከለመድነው ለመላቀቅ ዓመታት ፈጅቶብናል።

ውድ አንባቢያን፣ ጉዳዩ የባለሙያ ጣጣ ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የይዞታ መዝገብ እንዲህ ባለ ፎንት ተጽፎ ቢቀመጥ ዜጋው ነገ መብቱን በምን ያስረዳል? የሕዝብ ሰነድ የማንም የግል ንብረት ባልሆነ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሥርዓት እንዲጻፍ በሕግ ሊደነገግ ይገባል። እኔስ የታተመው ቅጂ ስላለኝ ከወረቀቱ እየገለበጥኩ ነው። ወረቀቱ የሌለውስ?