ምልክቱን አነበብነው

እኛ ሽንኩርት አምርተን የምንሸጥ ገበሬዎች ነን። ከመተሐራ ወደ አዋሽ ሰባት ስንሄድ መንገዱ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ሰንጥቆ ያልፋል። ፓርኩ የተቋቋመው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ነው። ሜዳው ሣርና ግራር ነው። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ ይታያል።

አምና በማታ የተሳፈርንበት መኪና አንዲት ሚዳቋ ገጨ። ሹፌሩ አልቆመም። እኛም ዝም አልን። በመንገዱ ዳር ምልክት ቆሞ ነበር። ማንበብ ግን አንችልም ነበር።

ዘንድሮ ፊደል ቆጠርን። ያንኑ ምልክት አነበብነው። «ቀስ ብለህ ንዳ! የዱር እንስሳት ያቋርጣሉ» ይላል። ትንሽ እንደሄድን ሳላዎች ከግራሩ ሥር ብቅ አሉ። «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ!» ብለን ጮኽን። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

አምስት ሳላዎች ተሻገሩ። የሳላ ቀንድ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ከሣርና ከቅጠል እርጥበት ስለሚያገኙ ውኃ ሳይጠጡ ብዙ ቀን ይቆያሉ። ድርቁን ይችሉታል። መኪናን ግን አይችሉም።

በመጨረሻ አንዲት ግልገል እናቷን ተከትላ ተሻገረች። ያን ጊዜ የአምናዋ ሚዳቋ ትዝ አለችን። ማንበብ ባንችልም «ቀስ በል» ማለት እንችል ነበር። አፍ ነበረን። ከእንግዲህ ዝም አንልም።