ወደ ኢዲዶ፤ ስለ ቡናውና ስለ ምስክር ወረቀቱ

ከዲላ ከተማ ማልዶ ተነሥቶ በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ወናጎን ካለፈ በኋላ ዐይኑ ሜዳ ይናፍቃል። ግራና ቀኙ ተራራ ነው፤ ተራራውም ከእግሩ እስከ ራሱ ዛፍ ለብሷል። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ዱር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የሰው ጓሮ ነው እንጂ ዱር አይደለም። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ይቆማል፤ በእንሰቱ መካከል ቡናው ይበቅላል። የጌዴኦ ሰው ይህን አተካከል ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖሮ፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

እኔ በኅዳር ወር ከይርጋ ጨፌ ከተማ ወደ ኢዲዶ የወጣሁት ዘመድ ለመጠየቅ ነበር። ወራቱ የለቀማ ስለ ሆነ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ቅርጫት ያልያዘ ሰው አይታይም። ያሳደሩኝ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለዩ ሲለቅሙ ደርሼ፥ «አባቴ፥ ለዚህ ቡና ማዳበሪያው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ወደ ላይ አሳዩኝና፥ «ዛፉ ቅጠሉን ይጥልለታል፤ የእንሰቱም ተረፍ ይጨመርለታል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል ልጄ?» አሉኝ።

እንግዲህ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መድኃኒት የለማውን እህል የዓለም ነጋዴዎች ኦርጋኒክ ይሉታል፤ ዋጋም ይጨምሩለታል። ሽማግሌው ይህን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ሲሠሩ ኖረዋል። ነገር ግን እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና እውነት ብቻውን ጉዳይ እንደማያስረታ በየቀኑ አያለሁ። ሰውየው መሬቱ የአባቱ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ቢያውቅም፥ ማስረጃ ካላቀረበ መዝገቡ ይዘጋበታል። የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። ጀርመን አገር ተቀምጦ የሚገዛው ሰው የሽማግሌውን ጓሮ አላየም፤ ስለዚህ ወረቀት ይጠይቃል።

ወረቀቱም በቀላል አይገኝም። ቡናን ለመሰለ ቋሚ ተክል መሬቱ ከለቀማው በፊት ሦስት ዓመት የተከለከለ ነገር ያልነካው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የማኅበሩ የውስጥ ተቆጣጣሪ በየጓሮው እየዞረ ይመዘግባል፤ ከዚያም ሌላ መርማሪ ድርጅት መጥቶ መዝገቡን ከማሳው ጋር ያመሳክራል። አንድ ገበሬ ይህን ሁሉ ወጪ ለብቻው ሊችል አይችልም። ስለዚህ ምስክርነቱ የማኅበር ሥራ ሆነ፤ ኢዲዶም በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራት አንዱ ሆኖ ቡናውን በዚህ መንገድ ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቷል። (በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ በታዘዘ ጊዜ የየቀበሌው ቡና በደረጃ ተደባልቆ ስሙ ሲጠፋ፥ በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው ማኅበራት ግን የኢዲዶን ቡና ኢዲዶ እንደተባለ ሸጡት፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።)

ትርፉ ስንት ነው? ፌር ትሬድ የተባለው የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ባሻሻለው ደንብ፥ ኦርጋኒክ ለሆነ ዓረቢካ ቡና በፓውንድ 40 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲጨመር አደረገ። ይህ በኪሎ 88 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ግን ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋልና ጭማሪው በእሸት ኪሎ 15 ሳንቲም አይሞላም። ከዚህም ላይ የመርማሪው፥ የጭነቱና የጽሕፈት ቤቱ ወጪ ይነሣል። ይህን በማታ እሳት ዳር በብጣሽ ወረቀት ባሰላሁላቸው ጊዜ ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ባለቤታቸው ግን፥ «የሚመጣውስ መቼ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው የልብ ነበር። ማኅበሩ እሸቱን ሲረከብ የመጀመሪያውን ዋጋ ይከፍላል፤ የትርፍ ክፍፍሉ የሚመጣው ቡናው ባሕር ተሻግሮ ከተሸጠና ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ክረምት አለ፤ የቡና ገንዘብ የሚያልቅበት፥ ቆጮ ብቻ ቤቱን የሚይዝበት ወራት ነው። የግል ነጋዴ ግን በመንገድ ዳር ሚዛኑን አቁሞ ወዲያው ይከፍላል፤ የዓለም ዋጋ በወጣ ዓመት ደግሞ ከማኅበሩ አስበልጦ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ገበሬው ለእርሱ የሸጠው ፍሬ ከዚያው ዛፍ የተለቀመ ቢሆንም፥ ምስክር ወረቀቱ የማኅበሩ ነውና ኦርጋኒክ መባሉ በመንገድ ላይ ይቀራል። ሰው ይህን አይቶ ገበሬውን ወላዋይ ቢለው እኔ አልስማማም፤ የልጅ ደብተር የሚገዛበትን ቀን ማኅበርም ነጋዴም አይወስነውም።

ወረቀቱም ቢሆን እየከበደ ሄዷል። የአውሮጳ ኅብረት 2018/848 የተባለው ደንቡ አንድ የምስክርነት ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥና ቡድኑ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ያዝዛል። ገበሬዎቹን በብዙ ሺህ ለሚቈጥር ዩኒየን ይህ ማለት ቡድን መለየት፥ መዝገብ መክፈትና ተቆጣጣሪ መጨመር ነው። እኔ በመዝገብ የምተዳደር ሰው እንኳ ደንቡን ሳነበው ደከመኝ።

በማግሥቱ ጧት ስሰናበት ባልና ሚስቱ ሁለት ቅርጫት አሰናድተው አገኘኋቸው። ትልቁን ሽማግሌው ወደ ማኅበሩ ማጠቢያ ጣቢያ ሊወስዱት ነው። ትንሹን እናቲቱ በነጠላቸው ሸፍነው ከእኔ ጋር ወደ አውራው መንገድ ወረዱ፤ ታናሽዋ ልጃቸው በዲላ ትማራለችና የቤት ኪራይዋ ቀን ደርሶ ነበር። ነጋዴው መዝኖ ሲከፍላቸው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቈጥረው ግማሹን በመቀነታቸው ቋጠሩት፤ ግማሹንም ለልጅቱ እንዳደርስላቸው ሰጡኝ።